ያገለገለ ሳይክል ከባህር ዳር ጓሮ፦ ሲጮኽ፣ ሲያጋድል፣ አልፈታም ሲል

መጀመሪያ የገዛሁት አሮጌ ሳይክል ቀለሙ ያብረቀርቅ ነበር። ኮሽ አይልም። ከቅዳሜ ገበያ ደስ ብሎኝ እየነዳሁት ወጣሁ። ዓባይ ድልድይ ላይ ስደርስ እጄን ከመሪው ላነሳ ብል ወደ ግራ ሊጥለኝ ትንሽ ቀረው። ለካ የፊቱ ሹካ አንድ ጊዜ ተጣሞ፣ ተቀጥቅጦ ተቃንቶ፣ በላዩ ቀለም ተቀብቷል።

ሁለተኛው ደግሞ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኽ ነበር። ሻጩ ራሱ አፍሮበት ዋጋውን ቀነሰልኝ። በሁለት ቀን ሥራ ዝም አሰኘሁት፤ እስከ ዛሬም የምነዳው እሱን ነው።

ከዚያ ወዲህ አሮጌ ሳይክል ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ይጮኻል ወይ ብዬ ነው። የሚጮኸው ነገር ኩሽኔታ፣ ሰንሰለት ወይም የላላ ዳዶ ነው። ይገኛል፣ ይቀየራል። ኪስ የሚያራቁተው ጣጣ ፍሬም ውስጥ ያለው ነው፤ እሱ ደግሞ ድምፅ የለውም።

ሳይክሉ የት አለ?

ባህር ዳር ሜዳ ናት፤ ለሳይክል የተፈጠረች ከተማ። ባጃጅ ከበዛ ወዲህ ግን ስንቱ ሳይክል ጓሮ ገባ። ማገዶ ሥር ተቀብሯል፣ ዶሮ ሰፍሮበታል። ርካሹ ያለው እዚያ ነው። ደላላ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት የሰፈራችሁን ቁራሌዎች ተግባቧቸው። ማን ግቢ ምን እንዳለ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። በምርቃት ሰሞን ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ግቢዎች፣ ፔዳና ፖሊ፣ አካባቢ ዞር ዞር በሉ። ሻንጣውን የሸከፈ ተመራቂ ሳይክል ተሸክሞ አይሄድም።

አንድ ቀን አባይ ማዶ አንዲት እናት ግቢ ገባሁ። «እማማ፣ ያች ሳይክል ትሸጣለች?» አልኳቸው።

«እሷማ የልጄ ናት። አዲስ አበባ ሄዶ ቀረ። እንዲሁ ቦታ ያዘችብኝ እንጂ።»

«ቦታ ያዘችብኝ» የምትለዋን ቃል ስትሰሙ መደራደር አያስፈልግም። ሰውዬው እንድትወስዱለት እየለመናችሁ ነው።

ብቻ የተሰረቀ እንዳይሆን። የፍሬሙ ቁጥር ብዙ ጊዜ ፔዳሎቹ ከሚገናኙበት ቱቦ ሥር ተመትቶ ይገኛል። ገልብጣችሁ እዩት። በሞረድ ተፍቆ ካገኛችሁት በሰላም ተሰናብታችሁ ውጡ። ቁጥሩ ካለ ግን በወረቀት ላይ ጻፉት፣ ሻጩ ይፈርም፣ አንድ ምስክር ይኑር።

እጅ ሲለቁት ወደ አንድ ጎን ይሄዳል

ሦስት ምክንያት አለው። ቀላሉ ጎማው መሃል ላይ አለመግባቱ ነው፤ ሁለቱን ዳዶ አላልቶ ማስተካከል ነው። ሁለተኛው የመሪው ኩሽኔታ ከልክ በላይ መጥበቁ ነው። የፊቱን ጎማ ከመሬት አንስታችሁ መሪውን ነካ አድርጉት፤ በራሱ ክብደት ወደ ጎን ካልዞረ ጠብቋል ማለት ነው። ሦስተኛው የእኔው ነው፦ ሹካ ወይም ፍሬም ተጣሟል።

ይህን ለማወቅ ሲባጎ ይበቃል። ከኋላው ጎማ መግጠሚያ ጀምራችሁ በመሪው ቱቦ ፊት አዙራችሁ በሌላው ጎን ወደ ኋላ መልሱት፣ ወጠር አድርጉት። ከዚያ ከሲባጎው እስከ መቀመጫው ቱቦ ያለውን ርቀት በግራም በቀኝም ለኩ። እኩል ከሆነ ፍሬሙ ቀጥ ያለ ነው። ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ቢበላለጥ አሮጌ ነውና ይቅር በሉት። ከዚያ በላይ ከሆነ ተዉት።

ከመሪው ቱቦ በታች ያለውን ወፍራም ቱቦም ከሥር በጣታችሁ ዳብሱት። ቀለሙ ተሸብሽቦ ወይም ብረቱ እብጥ ብሎ ካገኛችሁ ሳይክሉ ፊት ለፊት ተጋጭቶ ያውቃል። እኔ ከተበላሸ ሬድዮ ድምፅ ማጉያ የወጣች ማግኔት ኪሴ አትጠፋም። ብረት ፍሬም ላይ ስትሄድ ስትሄድ አንድ ቦታ አልይዝ ካለች እዚያ ስቱኮ ተለጥፎ ተቀብቷል።

መፍትሄው? ሹካ ብቻ ከሆነ ሌላ ሹካ መቀየር። ቀጥቅጦ ማቃናት ይቻላል ይሏችኋል፤ ይቻላል። ግን አንዴ የታጠፈ ብረት ሁለተኛ ሲታጠፍ አያስጠነቅቅም፤ ፊት ጥርስ ነው የሚሄደው። የተሰነጠቀ የብረት ፍሬም ጎበዝ በያጅ ያድነዋል። አልሙኒየም ከሆነ ግን የሰፈር በያጅ የሚነካው አይደለም። ለመለዋወጫ ካልሆነ አትግዙት።

አልፈታም የሚለው ሁሉ

ጓሮ የከረመ ሳይክል መቀመጫው አይወርድም፣ መሪው አይነቃነቅም፣ ፔዳሉ አይፈታም። ጣና ጨው የለውም፤ ዝገቱ የሐይቁ ጥፋት አይደለም። ሦስት አራት ክረምት ዝናብ ላይ መቆሙ ነው።

መቀመጫው እንቢ ካለ ቡሎኑን አውጡና ቱቦው አፍ ላይ ነጭ ጋዝ እያንጠባጠባችሁ አሳድሩት። በማግስቱ በመዶሻ ከመውቃት ይልቅ መቀመጫውን ይዛችሁ ግራና ቀኝ ጠምዝዙት። ሁለቱም ብረት ከሆኑ ብዙ ጊዜ በነጋታው ይንቀሳቀሳል። የመቀመጫው ዘንግ አልሙኒየም ፍሬሙ ብረት ከሆነ ግን ሁለቱ እርስ በርስ ተበላልተው ተጣብቀዋል። ያኔ እሳት ማሳየት ነገሩን ያባብሰዋል፤ አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት የበለጠ ስለሚያብጥ። ብዙ ቀን ጋዝ እያጠጡ መታገስ ነው።

የድሮ ዓይነት መሪ ሲሆን ብዙ ሰው ከላይ ያለውን ቡሎን አውልቆ መሪውን ይጎትታል፣ ይጎትታል፣ አይወጣም። ውስጥ የያዘው ሽብልቅ አለ። ቡሎኑን ሁለት ዙር ብቻ አላሉት። በላዩ ቁራጭ እንጨት አድርጋችሁ አንድ ጊዜ ምቱት። ሽብልቁ «ጡብ» ብሎ ሲወድቅ ይሰማል፤ መሪውም ይለቃል።

የፔዳሉ ነገር ደግሞ ጉልበት ሳይሆን አቅጣጫ ነው። የግራው ፔዳል ጥርሱ ተገላቢጦሽ ነው። ጎረምሳ ሁሉ እንደ ቀኙ ሊፈታው ሲታገል ይበልጥ ያጠብቀዋል። መፍቻውን ወደ ላይ አቁማችሁ ያዙ። በግራም በቀኝም ወደ ኋላው ጎማ ስትጎትቱት ይፈታል።

ይጮኻል

የሚጮኸውን ለማግኘት ፍጥነት ስጡትና ፔዳል መርገጥ አቁሙ። ሳይረገጥም ከጮኸ ችግሩ ጎማው ጋ ነው። ዝም ካለ ፔዳሉና ሰንሰለቱ ጋ ነው። ስትረግጡ በእያንዳንዱ ዙር አንዴ «ጠቅ» ካለ ፔዳሉን የያዘው ክንድ ላልቷል። በድሮዎቹ ባለ አንድ ማርሽ ሳይክሎች ክንዱን የሚይዘው አግድም የገባች ሾጣጣ ፒን ናት። ዳዶዋን ማጥበቅ ለሁለት ቀን ነው። ፒኗን አውጥቶ በአዲስ መተካት ነው። ስታወጧት ከሥር ክንዱን በብረት ቱቦ ደግፉት፤ አለዚያ የመዶሻው ምት ኩሽኔታው ላይ ያርፋል።

ያ እንደ ወፍጮ ቤት የሚጮኸው የእኔ ሳይክል ችግሩ የኋላ ጎማው እምብርት፣ ዘንጉ የሚያልፍበት መሃሉ፣ ነበር። ጎማውን አውልቄ ዘንጉን በጣቴ ሳዞረው አሸዋ የሚፈጭ ይመስላል። በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ፈታሁት። የኩሽኔታውን ብዮች ማስቀመጫ ፈልጌ ያገኘሁት የእታለምን ረከቦት ነው። የወጣው ግራሶ ግራሶ አይባልም፤ ደርቆ እንደ ጥቁር ሙጫ ሆኗል። በነጭ ጋዝ አጠብኩና ቆጠርኩ። በቀኝ 9፣ በግራ 8። ልክ በሁለቱም በኩል 9 ነው። አንዷ እኔ ከመፍታቴ በፊት ጠፍታ ይሁን ረከቦቱ ሥር ገብታ አላወቅኩም፤ እሁድ እታለም ቄጠማ ስትጠርግ አገኘቻት። «ይኸ ደግሞ ምንድን ነው፣ ስኒዬን ልትሰብር!»

ብይ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። በአብዛኛው ሳይክል የኋላው ብይ 6.35 ሚሊ ሜትር ነው፣ በየጎኑ 9። የፊቱ 4.76 ሚሊ ሜትር ነው፣ በየጎኑ 10። ለዓይን ብዙም አይለያዩም፤ ቀላቅላችሁ ከገጠማችሁ ግን በሳምንት ይበላዋል። ዘንጉ ላይ የተጠመዘዘውን፣ ብዮቹ የሚሮጡበትን ሾጣጣ በእስክሪብቶ ጫፍ ዳስሱት። ጫፉ እየተንሸራተተ ከሄደ ደህና ነው። «ቅጭ ቅጭ» እያለ ከተያዘ ተቦርቡሯል፤ ሾጣጣው መቀየር አለበት። ብይ ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው።

ስትገጥሙት አዲስ ግራሶ ጠቅጠቅ አድርጉበት። የሞተር ቃጠሎ ዘይት አይሆንም፤ ፈስሶ ያልቃል፣ አቧራም ይሰበስባል። ዳዶውን ስታጠብቁ ጎማው ግራና ቀኝ እንዳይወዛወዝ፣ ሲዞርም እንዳይያዝ። ባልቦላው ከላይ ሲለቀቅ በራሱ ክብደት ወደ ታች መውረድ አለበት። እዚህ ላይ ግማሽ ሰዓት ቢወስድባችሁ አይቆጫችሁ።

ሲረገጥ ይዘላል

ቆማችሁ ስትረግጡ «ከች» ብሎ እግራችሁ ባዶ ይረግጣል። ሰንሰለቱ ተለጥጧል ወይም የማርሹ ጥርሶች ተበልተዋል፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱም። አንዷን ፒን መነሻ አድርጋችሁ ከቀጣይዋ ጀምሮ 24 ፒን ቁጠሩ። ከመነሻዋ መሃል እስከ 24ኛዋ መሃል አዲስ ሰንሰለት 30.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። 30.8 ከደረሰ አልቋል። (የተማሪ ማስመሪያ 30 ላይ ያበቃል፤ የአናጢ ሜትር ተዋሱ።) ጥርሶቹ ደግሞ ወደ አንድ ጎን ተጎንብሰው ሹል ከሆኑ አዲስ ሰንሰለት ብቻ ብትገጥሙ መዝለሉን አይተውም። ሁለቱን አብራችሁ ቀይሩ። ባለ 21 ማርሽ ነው ተብሎ ዋጋ ቢጨመርባችሁ ደግሞ እኔ አልከፍልም። ለባህር ዳር አስፋልት አንድ ማርሽ ይበቃል፤ ሃያው የሚበላሽ ነገር ነው።

ጎማው በማግስቱ ተንፍሶ ያድራል

ካላማዳሪውን ነፍታችሁ ውኃ ውስጥ ንከሩት፤ አረፋው ቀዳዳውን ያሳያል። ከመለጠፋችሁ በፊት ግን ቀዳዳውን አንብቡት። በውጭ በኩል አንዲት ቀዳዳ ከሆነች እሾህ ነው፤ ውጭ ጎማውን ከውስጥ ዳብሳችሁ ሳታወጡ ብትገጥሙ ነገም ያው ነው። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ከሆነ ነፋሱ አንሶ ኮብልስቶን ላይ ተቆንጥጧል፤ መፍትሄው በደንብ መንፋት ነው። በውስጥ በኩል፣ ቸርኬው ጋ ከሆነ የሽቦ ጫፍ ወግቶታል። ጫፉን በሞረድ አለስልሱት፣ ቸርኬው ዙሪያም የአሮጌ ካላማዳሪ ቅዳጅ አልብሱት።

አዲስ ጎማ ስትገዙ «26 ነው» ብቻ ብላችሁ አትመኑ። ከአንድ በላይ ዓይነት 26 አለ፣ አንዱ ለሌላው አይሆንም። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈችውን ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር እዩ። ተራራ ሳይክል የሚባለው 559 ነው፤ 26 በ 1 ከ 3/8 የሚለው ቀጭኑ 590 ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ገዝቼ ሁለት ካቻቢቴ አጣምሜያለሁ።

ፍሬኑ ይይዛል፣ ሲዘንብ ግን አይይዝም

ቸርኬው ክሮም የተቀባ ብረት ከሆነ ይህ ተፈጥሮው ነው። ረጥቦ ደህና አድርጎ የሚያቆም ብረት ቸርኬ አላየሁም። አዲስ የፍሬን ጎማ አድርጉ፣ ቸርኬውን ከዘይት አጽዱ፣ በክረምት ከሩቁ መያዝ ልመዱ። ቸርኬው ላይ ያለውን የላይ ላዩን ዝገት ፎይል ውኃ ነክራችሁ ብታሹት ይለቃል፤ ሎሚም ይረዳል።

ደረቅ ቀን መርጣችሁ መጀመሪያ በእግር እየሄዳችሁ ፈትሹት። የፊቱን ፍሬን ይዛችሁ ወደ ፊት ስትገፉት የኋላው ጎማ ከመሬት መነሳት አለበት። የኋላውን ይዛችሁ ስትገፉት ጎማው ሳይዞር መጎተት አለበት። ሁለቱም ከሆኑ ወደ በዛዊት ኮረብታ ውጡ። ስትወጡ ፔዳሉን፣ ሰንሰለቱንና ጥርሱን ታዩታላችሁ። ስትወርዱ ፍሬኑን። መፍቻውን ይዛችሁ ሂዱ፤ እታች ስትደርሱ የሚላላ ዳዶ አይጠፋም።