ከባሕር እንስሳት የካንሰር መድኃኒት ለመፈለግ፦ ሁለተኛውን ግራም ከየት ታመጣላችሁ?

ወደ ላቦራቶሪያችን የሚመጡ ጀማሪዎች ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ መጥለቅ ነው። እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃቸዋለሁ፦ «ውህዱ ተገኘ፣ ሠራም እንበል። ሁለተኛውን ግራም ከየት ታመጡታላችሁ?» ለዚህ መልስ ሳይታሰብ የተጀመረ ፍለጋ አብዛኛውን ጊዜ ፍሪዘር ውስጥ ይቀራል።

ለምን ብትሉ ሂሳቡን እዩት (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው)። ሃሊኮንድሪን ቢ የተባለው የካንሰር ሴል ገዳይ ውህድ በ1986 ጃፓን ውስጥ ሲታወቅ ከ600 ኪሎ ስፖንጅ (ቦታው ላይ ተጣብቆ የሚኖር ለስላሳ የባሕር እንስሳ) የተገኘው 12.5 ሚሊግራም ነበር። ትራቤክቴዲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት የሚገኝባት የካሪቢያኗ ቱኒኬትም (ከረጢት መሰል የባሕር እንስሳ ናት)፣ ማንግሮቭ በሚባለው የባሕር ዳር ዛፍ ሥር ላይ ተጣብቃ የምትኖረዋ፣ ከአንድ ቶን አንድ ግራም ያህል ብትሰጥ ነው። ባሕሩን ብናራቁተው እንኳ ለበሽተኞቹ አይዳረስም።

ፈቃድ ከመጥለቅ ይቀድማል። የናጎያ ፕሮቶኮል፣ ከሕያዋን ሀብት የሚገኝን ጥቅም ስለ መጋራት የተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በ2010 ጸድቆ በ2014 ሥራ ላይ ውሏል፤ ፕሮቶኮሉን በተቀበሉ አገሮች ናሙና ለመውሰድ አስቀድሞ የባለቤቱን አገር ስምምነትና የጥቅም መጋሪያ ውል ማሟላት ያስፈልጋል። የወረቀት ሥራ ያሰለቻል፣ አውቃለሁ። ያለ ውል የመጣን ናሙና ግን የትኛውም ኩባንያ አይነካውም።

ውሃ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ መሸሽ የማይችለውን ፈልጉ። ጥርስ፣ እግር፣ ቅርፊት የሌለው ፍጡር ያለው ጋሻ ኬሚካል ነው፤ ኬሚካሉም በባሕር ውሃ ወዲያው ስለሚቀጥን በጥቂት መጠንም ቢሆን ክፉኛ የሚጎዳ መሆን አለበት። የእኔ ዓይን የሚያርፈው ለስላሳና ደማቅ ሆኖ ገላጣ ቦታ ላይ በተቀመጠው፣ ዓሣ ባልነከሰው፣ ላዩ ላይም ምንም ባልበቀለበት ስፖንጅ ነው።

ከመንካታችሁ በፊት እዚያው ባለበት ፎቶ አንሡት። አፕሊሲና ኤሮፎባ የሚባለው ስፖንጅ ባሕር ውስጥ ቢጫ ነው፤ አየር ሲያገኘው ይጠቁራል። ጀልባ ላይ ብቻ ያየው ሰው ሌላ ዝርያ አድርጎ ይመዘግበዋል። ከዚያ ከላዩ ቆርጣችሁ መሠረቱን ተዉለት፣ መልሶ እንዲያድግ። በአንድ ከረጢት አንድ እንስሳ ብቻ ይግባ። ቁጥሩን ውሃ በማይጎዳው ወረቀት ላይ በእርሳስ ጻፉና አብራችሁ ክተቱ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ኢታኖል ሲነካው ይለቅና ናሙናው ስም አልባ ሆኖ ይቀራል። አውራ ጣት የምታህል ቁራጭ ለብቻዋ ኢታኖል ውስጥ አስቀምጡ፤ የዝርያ ባለሙያው የሚመረምረው እሷን ነው። የቀረው በረዶ ላይ ይቆይና ወደ ፍሪዘር ይግባ። ጥልቀቱንና የጂፒኤስ ቦታውን እዚያው ካልጻፋችሁት ማታ አታስታውሱትም።

የላቦራቶሪው መንገድ የታወቀ ነው፦ ማድረቅ፣ መፍጨት፣ በሚታኖል መዘፍዘፍ፣ ደረጃ በደረጃ መለየት። ጨውን ግን አደራ። ሚታኖል የባሕር ጨውንም ይዞ ይወጣል፣ ጨው ደግሞ ምርመራውን ያበላሻል። ሳህን ላይ ያለ የካንሰር ሴል መሞቱ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፤ በረኪናም ይገድለዋል። በጤነኛ ሴል ላይም ሞክሩ፣ በተለያዩ የካንሰር ዓይነቶች ላይም አወዳድሩ። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም በ60 የሰው ካንሰር የሴል ዘሮች (ላቦራቶሪ ውስጥ እየተራቡ የሚኖሩ የሴል ዓይነቶች) ላይ የሚያደርገው ምርመራ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ሃሊኮንድሪን ቢ የሴል ክፍፍልን ቱቡሊን በሚባለው የሴል ፕሮቲን በኩል እንደሚያስቆም ፍንጭ የተገኘው ከዚያ ንጽጽር ነው። ከመድከማችሁ በፊት የሞለኪውልን ክብደትና አሠራር በሚያሳዩት መሣሪያዎች፣ በማስ ስፔክትሮሜትርና በኤንኤምአር፣ ውህዱ የታወቀ መሆኑን አጣሩ። ብዙውን ጊዜ የታወቀ ነው።

አሁን ወደዚያ ወደ ግራሙ። አንዱ መንገድ እንስሳውን ትቶ ሐሳቡን መውሰድ ነው። ኬሚስቱ ቨርነር በርግማን በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከአንድ የካሪቢያን ስፖንጅ ያወጣቸው ኑክሊዮሳይዶች (የዲኤንኤ መሥሪያዎችን የሚመስሉ ውህዶች) መንገዱን አሳዩ፤ እነሱን የመሰለው ሳይታራቢን ላቦራቶሪ ውስጥ ተሠርቶ በ1969 ለደም ካንሰር ተፈቀደ። ሃሊኮንድሪንም እንደዚሁ ነው፦ በ1992 የሃርቫርዱ ኬሚስት ኪሺ ከሥር ጀምሮ ሠራው፣ የመግደል ኃይሉ ያለው በግማሹ መሆኑ ታወቀ፣ ያ ግማሽም ኤሪቡሊን ተብሎ በ2010 ለተሠራጨ የጡት ካንሰር አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ።

ሁለተኛው መንገድ ግማሹን ለባክቴሪያ መስጠት ነው። ለትራቤክቴዲን ሱዶሞናስ ፍሎረሰንስ የሚባል ባክቴሪያ ተራብቶ ቀራቢ ውህድ ይሰጣል፣ የቀረውን ኬሚስት ይጨርሰዋል። በዚህ መንገድ ነው ቱኒኬቷ ከመለቀም ያረፈችው።

እኔ የማዳላው ግን ለሦስተኛው ነው፦ እውነተኛውን አምራች መፈለግ። ዶላስታቲን 10 የተባለው የካንሰር ሴል ገዳይ ውህድ የተገኘው ሲ ሄር ከሚባለው የባሕር ቀንድ አውጣ ነበር፤ ኋላ ሲታይ የሚሠራው ቀንድ አውጣው የሚበላው ሳይኖባክቴሪያ (እንደ ተክል ከፀሐይ ብርሃን የሚኖር ባክቴሪያ) ሆነ። የቱኒኬቷም ውህድ ውስጧ የሚኖር ባክቴሪያ ሥራ ነው። ስለዚህ ከስፖንጁ ሥር አንድ ማንኪያ ጭቃ በንጹሕ ቱቦ ያዙ። ሳሊኖስፖራማይድ ኤ የተባለው የካንሰር ሴል ገዳይ ውህድ የተገኘው ከባሕር ወለል ደለል ከወጣ፣ ሳሊኒስፖራ ከሚባል ባክቴሪያ ነው። ስታራቡት ማብቀያውን በተራ ውሃ አትሥሩት፣ የባሕር ውሃ ይፈልጋል። ሳህኑንም በሳምንቱ አትጣሉ፤ ቀርፋፋ ነውና ሳምንታት ጠብቁት።