የሚያንጠባጥበውን ሻወር ጎሚኒ ብቻ ቀይሬ ያቆምኩበት መንገድ

የቤታችን ሻወር ከተዘጋም በኋላ ከወንፊቱ ጠብ ጠብ ይል ነበር። ደብረ ማርቆስ ላይ ሮቶ ሞልቶ ለሚጠቀም ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዕቃ መሸጫው ያለው ልጅ «ጋሼ፣ ሙሉውን ይቀይሩት» አለኝ፤ አላስፈለገም።

መጀመሪያ ለይታችሁ እዩ። ውሃው ከወንፊቱ የሚወርድ ከሆነ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የውስጡ ጎሚኒ ነው፤ ከእጀታው ሥር የሚያፈስ ከሆነ ግን እጀታው የሚያዞረው ዘንግ ማሸጊያ ነው። (ይህ እየተጠመዘዘ ለሚዘጋው ለድሮው ዓይነት ነው፤ ባለ አንድ እጀታው ላይ የሚቀየረው ካርትሬጁ፣ ማለትም ውሃውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ሙሉ የውስጥ ዕቃ ነው።)

ከሮቶው የሚመጣውን ውሃ ዘግቼ በቧንቧው ውስጥ የቀረውን አፈሰስኩ። የወለሉን ፍሳሽ ቀዳዳ በጨርቅ ደፈንኩት፤ ብሎኗ እዚያ ከገባች አለቀላት። እጀታውን በካቻቢቴ ፈታሁ። ዘንጉን የያዘው የመሃሉ ናስ ግን በእንግሊዝ ቁልፍም እምቢ አለ። ኮምጣጤ የነካ ጨርቅ ጠቅልዬበት አሳደርኩት፤ ነጩ የውሃ ቅርፊት ሲለቅ ያለ ትግል ዞረ።

ጎሚኒው ደርቆ፣ መሃሉ ላይ ክብ ቦይ ሠርቶ፣ ጠርዙ ተሰነጣጥቋል። አሮጌውን ይዤ ነው ልገዛ የሄድኩት፤ የግማሽ ኢንች ቧንቧ ጎሚኒ ሁሉ አንድ ልክ አይደለም። አዲሱን ከማስገባቴ በፊት ጎሚኒው የሚያርፍበትን የናስ ከንፈር በጣቴ ዳሰስኩት። ለስላሳ ነው። ተቦርቡሮ ቢሆን ኖሮ አዲሱንም ቶሎ ይበላው ነበር።

ስገጥመው ዘንጉን ወደ መክፈቻው አዙሬ ነው ያጠበቅኩት፤ በተዘጋበት ከታሰረ ጎሚኒው ይጨፈለቃል። አሁን በሁለት ጣት ይዘጋል፤ ልጆቹ ግን አሁንም በጉልበት ነው የሚያጠብቁት።