የሲቲ ስካን አልጋን ያለአደጋ እንዴት መፈተሽና ማስተካከል ይቻላል

የሲቲ ስካን አልጋ ሁለት እንቅስቃሴ አለው። ከፍና ዝቅ ይላል፤ ታካሚው የሚተኛበት ገበታ ደግሞ ወደ ጋንትሪው (ቀለበት መሰሉ የማሽኑ አካል) ይገባል፣ ይወጣል። የመጀመሪያው እጅ ይጨፈልቃል፣ ሁለተኛው ሲሳሳት ምስል ያበላሻል። ስራው በማሽኑ ላይ ለሰለጠነ የባዮሜዲካል ባለሙያ ነው፤ ብቻውን ግን አይሁን፣ የአምራቹ የጥገና መመሪያም አጠገቡ ተከፍቶ ይቀመጥ።

1. መጀመሪያ አልጋውን ወደ ላይ አንሱት፣ መብራት የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አልጋው ዝቅ እንዳለ ይቀርና ስሩ መግባት አይቻልም። የመቆለፊያ ፒኑን ወይም ድጋፉን በቦታው አስገቡ። ፍሬኑ ይይዘዋል ብሎ መቀስ መሰሉ ማንሻ ውስጥ እጅ መስደድ ጣት ያሳጣል።

2. ማሽኑን በሶፍትዌሩ በኩል በአግባቡ አጥፉ፤ ከዚያ የግድግዳውን ብሬከር አውርዳችሁ ቆልፉ፣ ቁልፉም የሚሰራው ሰው ኪስ ይግባ። ቀዩ የአደጋ ጊዜ ቁልፍ እንቅስቃሴ ያቆማል እንጂ ኤሌክትሪኩን ሁሉ አይቆርጥም። ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) እስኪራገፉ መመሪያው የሚለውን ደቂቃ ጠብቁ፣ በቴስተርም አረጋግጡ።

3. ሽፋኑን ፈታችሁ ሃዲዱን አፅዱ። ገበታው ሲንገጫገጭ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ሞተሩ ሳይሆን ፈስሶ የደረቀ ኮንትራስት (ምስሉ እንዲጎላ ለታካሚ የሚሰጥ ፈሳሽ) ነው፤ እንደ ስኳር ይጣበቃል። በውሃ ስለሚሟሟ ለብ ባለ ውሃ የረጠበና የተጨመቀ ጨርቅ ይበቃዋል፤ በቀጥታ መርጨት ግን የለም። ቆሻሻ ላይ ግራሶ መደረብ ኩሽኔታውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። የካርቦን ፋይበሩ ገበታ ላይ ስንጥቅ ፈልጉ፦ ስንጥቁ ውስጥ የገባ ኮንትራስት ምስል ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል።

4. ቺንጋውን እዩ። ከላላ ጥርስ ይዘላል፤ የጥርሱ ርቀት 5 ሚሊሜትር ከሆነ አንድ ዝላይ 5 ሚሊሜትር ስህተት ነው። ከመጠን በላይ ከተወጠረ ደግሞ የፑሌጃውን ኩሽኔታ ይበላል። ውጥረቱ በመመሪያው ልክ እንጂ በጣት ግምት አይሁን።

5. አሁን ልኬት። ሽፋኑን መልሱ፤ ፒኑንም አውጡ (ረስቶ ሞተር ማስነሳት ማንሻውን ያጣምማል)፤ ከዚያ መብራት ልቀቁ። በማይንቀሳቀሰው የአልጋው አካል ላይ የብረት ማስመሪያ፣ በገበታው ላይ ቀጭን ጠቋሚ ለጥፉ። ከ135 ኪሎ ያልበለጠና የአልጋውን አቅም ያላለፈ ክብደት በገበታው ላይ አሰራጭታችሁ ጫኑ፤ 300 ሚሊሜትር አስገቡ፣ መልሱ፣ ደጋግሙት። ማሽኑ በሚያሳየውና በማስመሪያው በተለካው መካከል ያለው ልዩነት ከ1 ሚሊሜትር ማለፍ የለበትም። ካለፈ ብሎን ከመንካት በፊት የስህተቱን ጠባይ እዩ፦

- ከርቀቱ ጋር እኩል እያደገ ከሄደ የኢንኮደሩ (የገበታውን ቦታ የሚለካው ክፍል) ካሊብሬሽን፣ ማለትም የልኬት ማስተካከያው ነው።
- አቅጣጫ ሲቀየር ብቻ ከመጣ መላላት አለ።
- በየጊዜው ከተለያየ ቺንጋው ወይም የኢንኮደሩ ማያያዣ ይንሸራተታል።

በሶፍትዌር የሚታረመው የመጀመሪያው ብቻ ነው። የላላን ነገር በካሊብሬሽን መሸፈን ስህተቱን ለሚቀጥለው ታካሚ ማስተላለፍ ነው።

6. በመጨረሻ ሰው ሳይተኛበት ቀዩን ቁልፍ፣ የግጭት መከላከያዎቹንና የጉዞ ማቆሚያዎቹን ፈትኑ። ቀዩ ቁልፍ ተጫነ እንደሆነ ገበታው በእጅ ተጎትቶ መውጣት አለበት፤ መብራት ሲጠፋ ታካሚ ከጋንትሪው የሚወጣው በዚሁ መንገድ ነውና። የተፈቱ ብሎኖችንና መፍቻዎቹን ቆጥራችሁ፣ የተለካውን ቁጥር ከነቀኑ መዝገብ ላይ አስፍሩ።