መጽሐፍ በጠፋበት ኤክስኤስኤል-ኤፍኦ፦ ችግርና መፍትሄ

ኤክስኤስኤል-ኤፍኦ፣ ከኤክስኤምኤል (ጽሑፍን በምልክቶች ከፋፍሎ የሚይዝ) ፋይል ለኅትመት የሚበቃ ገጽ የሚያወጣው የሰነድ ቅጥ ቋንቋ፣ የድር ደንቦችን በሚያወጣው ድርጅት በደብሊው-ስሪ-ሲ የጸደቀው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው፤ 1.1 እትሙ በ2006 ከወጣ በኋላም ተተኪ አልወጣለትም። መጽሐፉ ጥቂት ነው፤ በአማርኛ የተጻፈ ደግሞ አንድም አላጋጠመኝም። ደሴ ላይ ለጀማሪዎች ደጋግሜ ያቃናኋቸውን ብልሽቶች ከዚህ በታች አስፍሬአለሁ፤ ፎፕ (ኤክስኤስኤል-ኤፍኦን ወደ ፒዲኤፍ የሚለውጠው ፕሮግራም) እና የሚሠራበት ጃቫ በትክክል መጫናቸውን አረጋግጠው እንደመጡ እቆጥራለሁ።

ችግር፦ ፒዲኤፉ ይወጣል፣ አማርኛው ግን ሁሉ # ሆኗል

ከአሥር ጠያቂ ስምንቱ ይዞት የሚመጣው ይህን ነው። ፎፕ ያለ ማዋቀሪያ የሚያውቃቸው 14ቱን የፒዲኤፍ መደበኛ ፎንቶች ብቻ ሲሆን፣ አንዳቸውም የግዕዝ ፊደል ስለሌላቸው ባጣው ፊደል ምትክ # ያስቀምጣል። ይህንንም ሳይደብቅ፣ የጎደለውን ፊደልና የፈለገበትን ፎንት በስም ጠርቶ፣ በትእዛዝ መስኮቱ ላይ ይጽፋል። ማስጠንቀቂያውን የሚያነብ ሰው ግን እምብዛም አላየሁም።

መፍትሄው በማዋቀሪያ ፋይሉ የፒዲኤፍ ክፍል ውስጥ የግዕዝ ፎንት ያለበትን ማኅደር ማስመዝገብ፣ ከዚያም የፎንቱን ስም በቅጡ ፋይል (የገጹ መልክ በሚታዘዝበት ፋይል) ላይ መጥራት ነው። የሚጠራው የፋይሉ ስም ሳይሆን ፎንቱ በውስጡ የያዘው የቤተሰብ ስም ነው። ፎፕን ሲያስነሱም ማዋቀሪያ ፋይሉን በትእዛዙ ላይ መጥቀስ የግድ ነው፤ አንድ ተማሪ ያንኑ ፋይል ሁለት ቀን ሙሉ ሲያርም ከርሞ ወደ እኔ ሲመጣ፣ ፎፕ ፋይሉን አንድም ጊዜ አላነበበውም ነበር።

የፎንቱ ስም የሚጻፈው በሩት ላይ፣ ማለትም የኤፍኦ ሰነዱን ሁሉ በሚያቅፈው አባል ላይ ነው። ዋናውን ጽሑፍ በሚይዘው አባል፣ በፍሎው ላይ ከተጻፈ የገጹ አካል ይስተካከላል፤ ራስጌውና ግርጌው ግን # እንደሆኑ ይቀራሉ፤ እነርሱ የሚኖሩበት ስታቲክ-ኮንቴንት የፍሎው ልጅ ሳይሆን ወንድሙ ስለሆነ አይወርስም። ኮምቦልቻ ላይ አንድ ወፍራም ሪፖርት ያዘጋጀ ወዳጄ፣ ሰነዱን በስክሪን ሲያገላብጥ መካከለኛውን ጽሑፍ ብቻ እያየ «አብሽር፣ አልቋል» ብሎኝ ወደ ማተሚያ ቤት ላከው። የመሥሪያ ቤቱ ስም በየገጹ አናት ላይ አሥራ አንድ # ሆኖ ታተመ፤ ወረቀቱም ለመጠቅለያ ዋለ። መጽሐፍ ባይኖርም የደብሊው-ስሪ-ሲ መግለጫ ሰነድ ከእያንዳንዱ ባሕርይ ሥር ይወረሳል ወይስ አይወረስም የሚል መስመር አለው፤ ያቺን መስመር ማንበብ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ከ# ይልቅ ዝብርቅርቅ የላቲን ፊደል ከወጣ ግን ጥፋቱ የፎንት ምዝገባ አይደለም። ጽሑፉ የተተየበው የላቲን ፊደል ቦታ ላይ ግዕዝ በሚስሉት አሮጌ ፎንቶች ነው ማለት ነው። ግዕዝ ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ደንብ፣ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሆኖ ሳለ ዛሬም በእነዚያ የሚተይብ መኖሩ ያሳዝናል። ጽሑፉን ራሱን ወደ ዩኒኮድ ይቀይሩ፤ ፎንት በመለዋወጥ አይድንም።

ችግር፦ ርዕሱም አንቀጹም አንድ ክምር ሆኖ ይወጣል

ምንጩ ኔምስፔስ፣ ማለትም የኤክስኤምኤል አባላት ስም የየትኛው ቋንቋ እንደሆነ የሚለይ መለያ ነው። ለምሳሌ ዶክቡክ 5 (የመጽሐፍና የመመሪያ መጻፊያ የኤክስኤምኤል ቋንቋ) አባላቱን ሁሉ በኔምስፔስ ውስጥ ስለሚያስቀምጥ፣ ያለ ቅድመ-ቅጥያ የተጻፈ ቴምፕሌት (አንድ አባል ምን እንደሚሆን የሚያዝ ደንብ) አንዱንም አያገኝም፤ ኤክስኤምኤሉን ወደ ኤፍኦ የሚለውጠው ኤክስኤስኤልቲም በራሱ ልማድ ጽሑፉን ብቻ አራግፎ ያልፋል። ኔምስፔሱን በቅጡ ፋይል አናት ላይ ያሳውቁና በየቴምፕሌቱ ቅድመ-ቅጥያውን ይጨምሩ።

ችግር፦ ስህተቱ ከየት እንደመጣ አይታወቅም

ተማሪው ሁለት ቋንቋ መያዙን አላወቀም፤ ኤክስኤስኤልቲ ይለውጣል፣ ኤፍኦ ገጽ ይደለድላል። ፎፕ ፒዲኤፉን ትቶ መካከለኛውን የኤፍኦ ፋይል እንዲያወጣ ይዘዙትና በጽሑፍ አርታኢ ይክፈቱት። የሚፈልጉት ብሎክ (አንቀጽ ወይም ርዕስ የሚይዘው የኤፍኦ አባል) እዚያ ከሌለ ጥፋቱ የለውጡ ነው፤ ካለ ደግሞ የድልደላው ነው። ከድረ-ገጽ ቅጥ ቋንቋ ከሲኤስኤስ የተቀዳ መፍትሄ አይለጥፉ፤ የባሕርያቱ ስም ስለተመሳሰለ ብቻ ሁሉም ይሠራል ማለት አይደለም።

አልፎ አልፎ የሚታዩ

ደማቅ የተባለው ርዕስ ቀጭን ሆኖ ከወጣ ፎንቱ ደማቅ ቅርጽ የለውም፤ አቢሲኒካ ኤስአይኤል እንዲህ ነው፤ ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ ግን ደማቅ አለው። የተረከቡት ቅጥ በቅንፍ የተሞላ ከሆነ ኤክስኤስኤል ሳይሆን በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ በፕሮግራም ቋንቋው በስኪም ላይ የተመሠረተው የቆየ የቅጥ ቋንቋ ዲኤስኤስኤስኤል ሊሆን ይችላል፤ ፎፕ አያነበውም።