«እኔ ምን አጠፋሁ?» የሚሉ የቤት ባለቤቶች ስህተቶች

ድሬዳዋ ውስጥ ንፋስ ቆርቆሮ ነቅሎ መንገደኛ ላይ ሲጥል፣ ከባለቤቱ አፍ ቀድሞ የሚወጣው «ንፋስ ነው፤ እኔ ምን አጠፋሁ?» የሚለው ነው። ይህን መከላከያ መልስ ብሎ ጽፎ ፍርድ ቤት ይዞ የሚቀርብም አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ስለ ጥፋት አይጠይቅም። ቁጥር 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ ነው ይላል። ቁጥር 2086 ደግሞ የቀሩትን በሮች ይዘጋል። አላጠፋሁም፣ ምክንያቱ አልታወቀም፣ ልከላከለው አልችልም ነበር፣ ያጠፋው ሌላ ሰው ነው ማለት አያድንም። በዚህ ቁጥር መሠረት ኃላፊነቱ የሚቀንሰው ወይም የሚቀረው ተጎጂው ራሱ ያጠፋ እንደሆነ ብቻ ነው። ግንበኛው አበላሽቶት ከሆነም መጀመሪያ ተጎጂውን ትክሳላችሁ፣ ከዚያ ግንበኛውን ትጠይቃላችሁ። ውልና ደረሰኝ ያልያዘ ባለቤት ያን ጊዜ ማንን ይዞ ይጠይቃል?

ስለዚህ ገንዘባችሁን ለክርክር ሳይሆን ለጣሪያው አውጡት። የድሬ ፀሐይ ቆርቆሮን ቀን ታሰፋዋለች፣ ሌሊት ይኮማተራል፤ ምስማሩም ቀስ በቀስ ይላላል። መላው ደግሞ ሁላችን የምናውቀው ነው፦ ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ መጫን! ንፋስ ቆርቆሮውን ሲያነሳው ድንጋዩም አብሮ ይወርዳል፤ አንድ አደጋ የነበረው ሁለት ይሆናል። የላላውን ምስማር አውጥታችሁ ጎማ ባለው ብሎን ተኩት፤ ከጠርዙ ጀምሩ፣ ንፋስ የሚገባው በዚያ ነውና። የበሰበሰ እንጨት ላይ ብሎን ቢያስሩ ዋጋ የለውም፣ መጀመሪያ እንጨቱ ይቀየር።

የውሃ ሮቶም እንዲሁ ነው። አንድ ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሲሞላ ውሃው ብቻ 1 ቶን ይመዝናል። ያንን በጭቃና ድንጋይ የተሠራ አሮጌ ግድግዳ ላይ ማስቀመጥ ድፍረት ነው። የብረት ቋሚው መጀመሪያ የሚዝገው ከታች፣ ውሃ በሚንጠባጠብበት እግሩ ላይ ስለሆነ፣ ቀለሙ አምሮ ከላይ ሲታይ አትታለሉ።

ሌላው ስህተት «ቤቱን አከራይቼዋለሁ፣ እኔን አይመለከተኝም» ማለት ነው። ሕንፃው ራሱ ከፈረሰ ባለቤቱ ነው የሚጠየቀው። ከሕንፃው ላይ ዕቃ ከወደቀ ግን (ከበረንዳ የአበባ ማሰሮ ወይም የተሰጣ ምንጣፍ) በቁጥር 2080 ቤቱን የያዘው ሰው፣ ማለትም ተከራዩ፣ ይጠየቃል። ድንበሩ ሁልጊዜ ግልጽ ስላልሆነ ብልህ ጠበቃ ሁለቱንም ይከሳል። የኪራይ ውሉ ላይ ማን ምን እንደሚጠግን ካልተጻፈ የእርስ በርስ ክርክሩ ዓመት ይበላል።

ጀጎል (የሐረር አሮጌው ቅጥር ከተማ) ውስጥ ባሕላዊውን የሐረሪ ቤት ለእንግዶች የሚያከራዩ ደግሞ የራሳቸው ስህተት አላቸው። በነጻ የመጣ ዘመድና ከፍሎ ያደረ እንግዳ በሕግ አንድ አይደሉም። በነጻ የመጣው እንግዳ ቤት ውስጥ ጉዳት ሲደርስበት የባለቤቱ ጥፋት መኖሩ ይጠየቃል፤ ከፍሎ ካደረው ጋር ግን ውል አላችሁ፣ ደኅና አድሮ መውጣቱም የዚያ ውል አካል ነው። «ነጻ ነበር» ብሎ መተማመንም አያዋጣም፤ ጨለማ ደረጃና ተነቃንቆ የታወቀ መደገፊያ እንደ ጥፋት ለመቆጠር ብዙ ክርክር አይፈልጉም። ነደባው (የሐረሪ ቤት የመቀመጫ መደብ) ከፍና ዝቅ ያለ ነው፣ ላዩ ይለሰልሳል፣ በካልሲ የሚረግጠው የውጭ እንግዳ ከፍታውን አይገምተውም። የቅርሱን ቅርጽ ያለ ፈቃድ አትንኩ፤ ግን ጠርዙን የሚያሳይ መብራትና የማያንሸራትት ምንጣፍ ቅርሱን አያበላሽም።

የመሬት ውስጥ ውሃ ማጠራቀሚያ ክዳን፦ ሕፃን የማያነሳው፣ በቁልፍ የሚዘጋ። ሳንቃ ክዳን አይደለም። ውስጡን ለማጽዳት ብቻውን የሚገባ ሰው አየር አጥቶ ሊሞት ስለሚችል፣ ክዳኑን ከፍቶ ማናፈስና ከላይ ጠባቂ ማቆም የግድ ነው። ሌላ ሰው ወደ ውስጥ ገብቶ ላድነው ቢል ሁለት ይሆናሉ።

«ውሻ አለ» የሚል ሰሌዳ ለጉዳቱ መልስ አይሆንም። ቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው በድንገት ቢያመልጥ እንኳ ኃላፊ ያደርገዋል። ውሻው ሰው ሲነክስ ሰፈሩ ተሰብስቦ ይገድለዋል፤ ትልቅ ስህተት። ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ወዲያው ጤና ተቋም መሄድ፣ ውሻውን አስሮ 10 ቀን መከታተል ነው የሚገባው። ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ያ ለተነካሹም ለእናንተም መረጃ ነው፤ ከተገደለ ግን ይህን መረጃ ታጣላችሁ።

ከአደጋው በኋላ ያለው ስህተት ከአደጋው ይበልጣል። መደገፊያው ሲሰበር ባለቤቱ በዚያው ቀን አናጢ ይጠራል፣ ማስረጃውንም በእጁ ያጠፋል። ቦታውን በተለያየ አቅጣጫ ፎቶ አንሱ፣ የተሰበረውን ብረት አስቀምጡ፣ ያዩትን ሰዎች ስም ያዙ፤ ከዚያ ጠግኑ። ተጎጂው ያጠፋው ነገር ካለም የሚታየው በዚህ ነው።

ሽማግሌ መልካም ነው፤ ግን የቃል እርቅ ቃል ብቻ ነው። ቀን፣ ጉዳቱ፣ የተከፈለው ብር፣ ሌላ ጥያቄ የማይነሳ መሆኑ፣ የተዋዋዮችና የምስክሮች ፊርማ ይጻፍ። ሐኪም የመጨረሻውን የጉዳት መጠን ሳይጽፍ ግን ስምምነቱን አትዝጉ። ሰው ከሞተ ደግሞ በቸልተኝነት ሰው መግደል (የወንጀል ሕግ ቁጥር 543) ስላለ፣ ሽማግሌ አስታረቀ ተብሎ ፖሊስ መዝገቡን አይዘጋም።

ካሣው ላይ ሁለቱም ወገን ይሳሳታል። የሕሊና ካሣ (ለሐዘንና ለስቃይ የሚከፈለው) ጣሪያው በሕጉ 1000 ብር ነው፤ ብዙው ገንዘብ የሚመጣው ከሕክምና ወጪ፣ ከተቋረጠ ገቢና ሟች ይደግፋቸው ለነበሩ ቤተሰቦች ከሚከፈለው ነው። ወጣት ሠራተኛን መጉዳት ሽማግሌን ከመጉዳት የሚበልጥ ሒሳብ የሚያመጣው ለዚህ ነው። የክስ ይርጋው (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) ጉዳቱ ከደረሰ ሁለት ዓመት ነው፤ ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከረዘመ ግን እርሱ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ባለቤቱ «ሁለት ዓመት አለፈ» ብሎ ሰነዱን አይጣል።

ባንክ ለብድር ያስገባችሁ የእሳት መድን ሦስተኛ ወገንን፣ ማለትም ሌላ ሰው ላይ የሚደርሰውን ጉዳት፣ አይሸፍንም። በስሙ ጠይቁ፦ የሕዝብ ኃላፊነት መድን። ውሉ ላይ አደጋውን በስንት ቀን ማሳወቅ እንዳለባችሁ አንብቡ፤ መድን ድርጅቱ ሳይሰማም «ሁሉንም እኔ እችላለሁ» ብላችሁ በወረቀት አትፈርሙ።