የማክሲን ናኖ ቅንጣቶች በብርሃን ወረንጦ አልያዝ ሲሉ፦ ምልክት፣ መንስኤ፣ መፍትሔ

አርተር አሽኪንና ባልደረቦቹ በ1986 እ.ኤ.አ. ያሳዩት፣ ቅንጣትን በአንድ የሌዘር ጨረር የመያዝ ዘዴ (የብርሃን ወረንጦ)፣ ከሁሉ በላይ የሚመቸው ብርሃን እምብዛም ለማይመጥጡ ቅንጣቶች ነው። ከታይታኒየም ካርባይድ የሚሠራው፣ እጅግ ስስ ንጣፎች ያሉት ቁስ ማክሲን ግን ብርሃንን አብዝቶ ይመጥጣል፤ የፕላዝሞን ሬዞናንሱም፣ ማለትም ነፃ ኤሌክትሮኖቹ ከብርሃኑ ጋር በአንድነት የሚወዛወዙበት ክስተት፣ በ800 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት አካባቢ ይጎላል። ስለዚህ ችግር ሲያጋጥም የሌዘሩን ዋት ከፍ ማድረግ የመጨረሻው እርምጃ እንጂ የመጀመሪያው ሊሆን አይገባም።

ቅንጣቱ በጨረሩ አቅጣጫ እየተገፋ ያመልጣል።
መንስኤው፣ ቅንጣቱ የሚመጥጠውና የሚበትነው ብርሃን የሚፈጥረው ግፊት፣ ወደ ትኩረት ነጥቡ ከሚስበው ኃይል መብለጡ ነው። የሌዘሩ የሞገድ ርዝመት ከሬዞናንሱ የሚያጥር ከሆነ ደግሞ ሳቢው ኃይል ራሱ ወደ ገፊነት ሊለወጥ ይችላል። በቅድሚያ የናሙናውን ስፔክትረም (በየሞገድ ርዝመቱ የሚመጥጠውን የብርሃን መጠን) ለክቶ፣ ከሬዞናንሱ የሚረዝም ሌዘር፣ ለምሳሌ 1064 ናኖ ሜትር፣ መምረጥ፤ ቀጥሎም ጨረሩ የሚያተኩረውን ሌንስ የኋላ ቀዳዳ መሙላቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ግፊቱ ካልቀነሰ ቅንጣቱን ከመስታወቱ ጋር አስጠግቶ፣ ወደ ጎን ብቻ መያዝ ይቻላል።

አረፋ ይፈጠራል፣ ወይም ቅንጣቶቹ በትኩረት ነጥቡ ዙሪያ ይሽከረከራሉ።
ይህ የሙቀት ሥራ ነው፤ የሞቀው ውኃ ወደ ላይ ሲወጣ ቅንጣቶቹን ይዞ ይሄዳል። ዋቱን መቀነስና የናሙናውን ክፍተት ወደ 20 ማይክሮ ሜትር ማሳነስ ፍሰቱን በእጅጉ ያዳክመዋል። ብዙዎች የሚመክሩት ከባድ ውኃ (በተራ ሃይድሮጅን ፋንታ ከባዱን ሃይድሮጅን የያዘ ውኃ) ግን የውኃውን ምጠጣ እንጂ የቅንጣቱን ስለማይቀንስ እዚህ ጥቅሙ ጥቂት ነው። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን እንደተሠራበት፣ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙሌት ያለው ሰርፋክታንት (ሳሙና መሰል ውህድ) ጨምሮ ሙቀቱን ራሱን ለመያዣነት ማዋልም ይቻላል፤ ሆኖም የማክሲን ገጽ አሉታዊ ሙሌት ስላለው ቅንጣቶቹ እንዳይጓጉሉ አስቀድሞ በጥቂት ናሙና መሞከር ይገባል።

ቅንጣቶቹ ሌዘሩ ሳይበራ ይጓጉላሉ።
አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው ጨው ነው፤ ከአዮን በጠራ ውኃ ማጠብ ይበቃል።

ቀድሞ ይያዝ የነበረ ናሙና አሁን ምላሽ አይሰጥም፤ ጥቁር አረንጓዴ ቀለሙም ነጥቷል።
ማክሲኑ በውኃና በኦክስጅን ምክንያት ወደ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ተለውጦ ፕላዝሞኑን አጥቷል። ይህ ለውጥ ስለማይቀለበስ አዲስ ናሙና ማዘጋጀት፣ እሱንም አርጎን በተሞላ ጠርሙስ፣ በቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ማስቀመጥ ግድ ነው።