ስትሮክ ሲያጋጥም፦ «ለመጨረሻ ጊዜ ደህና የነበሩት ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። ስትሮክ የተጠረጠረበት ሰው ሲገባ ቤተሰቡን ቀድመን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆነው የታዩት ስንት ሰዓት ላይ ነው? ብዙው ሐበሻ «ጠዋት ሳያቸው እንዲህ ሆነው አገኘኋቸው» ብሎ ይመልሳል። ያ የተገኙበት ሰዓት ነው። ሐኪሙ የሚቆጥረው ደህና ሆነው ከታዩበት ሰዓት ጀምሮ ነው። የሚሰጠው ሕክምና በዚህ መልስ ላይ ስለሚንጠለጠል ነው ይህን የምጽፈው።

አብዛኛው ስትሮክ የሚመጣው ወደ አንጎል ደም የሚወስድ ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ ነው። ቀሪው ሥሩ ፈንድቶ ሲደማ ነው። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። የተዘጋው ትልቅ ሥር ከሆነ ቀጭን ቱቦ በብሽሽት በኩል አስገብቶ የረጋውን ደም ማውጣት ይቻላል፤ ይህ በ6 ሰዓት ውስጥ፣ በምስል ምርመራ ለተመረጡ ሕሙማን ደግሞ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ይሠራል። «ታዲያ 4 ሰዓት አለን» ብሎ የሚረጋጋ ሰው ግን አይኑር። ትልቅ ሥር ተዘግቶ በቆየበት በእያንዳንዱ ደቂቃ በአማካይ 1.9 ሚሊዮን የአንጎል ሕዋሳት እንደሚሞቱ በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ስሌት አለ። ሕመምተኛው በር ከገባ በ60 ደቂቃ ውስጥ መድኃኒቱን ለመጀመር የምንሯሯጠው ለዚህ ነው። ከዚያ በፊት ሲቲ ስካን የግድ ነው፤ ደም መርጋቱንም ሆነ መፍሰሱን ፊት አይቶ መለየት አይቻልም፣ ለሚደማ አንጎል የሚያሟሟ መድኃኒት መስጠት ደግሞ ይገድላል።

እኛ ጋ ደቂቃ ስንቆጥር ቤት ውስጥ ሰዓታት አልፈዋል። እያንዳንዱ ምልክት ቤተሰብን የሚያዘናጋበት የራሱ መንገድ አለው።

የፊት መጣመም፣ የክንድ መዛልና የአንደበት መያያዝ በብዙ ሰው ይታወቃሉ። «እስቲ ጥርስዎን ያሳዩኝ» በሏቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሁለቱን ክንድ፣ መዳፉን ወደ ላይ አድርገው ለ10 ሴኮንድ ዘርግተው ይያዙ። አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ከእናንተ ተቀብለው ይድገሙ። ከሦስቱ አንዱ በድንገት ከተበላሸ ይበቃል፤ ሁለተኛው እስኪጨመር አይጠበቅም። ፊት ሲጣመም «ብርድ መትቷቸው ነው» ይባልና በቅባት ማሸት ይጀመራል፣ ወይም ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ይፈለጋል። የፊት ነርቭ ብቻውን ታሞ ፊት የሚያጣምም ሌላ በሽታ መኖሩ እውነት ነው፤ ግን ያንን የሚለየው ሐኪም ነው።

የሚያሳስበኝ ሌላው ዓይነት ነው። በአንጎል ቀኝ በኩል የሚመጣ ስትሮክ ግራውን የሰውነት ክፍል ከማዛሉም በላይ ሰውየው መታመሙን ራሱ እንዳያውቅ ሊያደርገው ይችላል። ግራ እጃቸው እንደ ዕቃ ተንጠልጥሎ እያያችሁት «ምንም አልሆንኩም፣ አታስቸግሩ» ይሏችኋል። የእኛ ትልልቅ ሰዎች ልጅ ማስጨነቅ ስለማይወዱ ቤተሰቡ ይህን ቃል እንደ ወትሮው ጨዋነታቸው ያየዋል። እዚህ ላይ ታዘዟቸው አልልም። ፈቃዳቸውን ሳትጠብቁ ደውሉ። ስትሮክ አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ «አላመመኝም» የሚለው መልስም ማንንም አያረጋጋ።

ግራው የአንጎል ክፍል ሲመታ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ንግግር ይጠፋል፤ ሰዓቱን ሊነግረን የሚችለው ሰው ራሱ ዝም ይላል። የእናንተ መልስ ከምንም በላይ የሚያስፈልገን ያኔ ነው።

ድንገተኛ ማዞር፣ ማስመለስ፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት፣ ቆሞ መሄድ አለመቻል ከኋለኛው የአንጎል ክፍል ይመጣሉ። ፊቱም ክንዱም ደህና ሊሆን ይችላል። ይህን ነው «ጨጓራዋ ነው»፣ «ደሟ አንሶ ነው» እያልን ሙሉ ቀን የምናስተኛው። ማዞር ሁሉ ስትሮክ አይደለም። ነገር ግን ከደቂቃዎች በፊት ደህና የነበረ ሰው በድንገት ሳይደገፍ መቆም ወይም መቀመጥ ካቃተው፣ አልጋ ላይ አይቆይ። በሕይወቱ አይቶት የማያውቅ፣ እንደ መብረቅ የወረደ የራስ ምታትም የደም መፍሰስ ምልክት ሊሆን ስለሚችል እንደዚሁ ነው።

ምልክቱ መጥቶ በ10 ደቂቃ ሲጠፋ ቤተሰቡ «ተመስገን» ብሎ ይቀመጣል። ማመስገኑ ተገቢ ነው፤ መቀመጡ ግን አይደለም። እንዲህ ያለው ማስጠንቀቂያ ከመጣ በኋላ ትልቁ ስትሮክ የሚከተልበት አደጋ በቀጣዮቹ 2 ቀናት ይበረታል። የጀመረበትንና የጠፋበትን ሰዓት ጽፋችሁ በዚያው ሰዓት ሂዱ።

ከእንቅልፍ ሲነሱ የታየ ስትሮክ ሰዓቱ የሚጠፋው እንዲህ ነው፦ ማታ 4 ሰዓት ተኝተው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተጣምመው ቢገኙ፣ የምንቆጥረው ከማታ 4 ሰዓት ጀምሮ ነው፤ 8 ሰዓት አልፏል ማለት ነው። ስለዚህ ሌሊቱን መርምሩ። አባት ለሱብሂ ሶላት ተነስተው ነበር? እናት ለጸሎት ወይም ለሽንት ሲነሱ የሰማ አለ? ደህና ሆነው ከታዩ ቆጠራው ከዚያ ይጀምራል። ስልካቸውንም እዩ። በቴሌግራም ወይም በኢሞ የላኩት የድምፅ መልእክት ንግግሩ የጠራ ከሆነ፣ ከሥሩ ያለው ሰዓት ደህና እንደነበሩ ይመሰክራል። አዲስ አበባ ካለችው እህታቸው ጋር ስንት ሰዓት ላይ እንዳወሩ እሷን ደውላችሁ ጠይቁ። ሰዓቱ ጨርሶ ባይገኝም ተስፋ አትቁረጡ፤ ኤምአርአይ ወይም ሌላ የምስል ምርመራ አንዳንዱን ሰው ለሕክምና ያበቃዋል።

ውጭ አገር ያለን ሰዎች አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ ሰዓቱን ስትናገሩ በፈረንጅ ቁጠሩት። ለልጃቸው «ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ነው» ያሉት እናት ጠዋት ማለታቸው ነው፤ ልጁ ለሐኪሙ በቀጥታ ቢያስተላልፈው በፈረንጅ ሌሊት 2 ሰዓት ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። ተጨማሪ ስድስት ሰዓት ያለፈ ስለሚመስል ብቻ መድኃኒቱ ሊከለከል ይችላል። ወረቀት ላይ «ጠዋት፣ በፈረንጅ 8 ሰዓት» ብላችሁ ጻፉት።

አምቡላንስ እስኪመጣ በአፍ ምንም አትስጡ፤ ውኃም፣ ስኳር በጥብጦ ማጠጣትም፣ ጠበልም ቢሆን። መዋጥ ያቃተው ሰው የሚጠጣው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ስኳር ሕመምተኛ ከሆኑና መለኪያ ካላችሁ ለኩ፤ የስኳር ማነስ ስትሮክ መስሎ ይመጣል። አስፕሪን አትስጡ፤ አንጎል እየደማ ሊሆን ይችላል። የግፊት ክኒንም አትጨምሩ፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከፍ ያለው ግፊት ለተጎዳው የአንጎል ክፍል ደም የሚያደርስ ሊሆን ስለሚችል እኛ እየለካን እንወስናለን። የሚያስመልሳቸው ከሆነ በጎን አስተኟቸው። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በከረጢት ያዙ። ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም ማቅጠኛ ካለ የመጨረሻውን የዋጡበትን ሰዓት ጨምራችሁ ጻፉ። አገር ቤት በልብ ቫልቭ ሕመም ዋርፋሪን የሚወስዱ ወጣቶችም አሉ፤ ስትሮክ የሽማግሌ በሽታ ብቻ አይደለም።

በመኪናችሁ አትምጡ። አምቡላንሱ መንገድ ላይ እያለ ለሆስፒታሉ ስለሚያሳውቅ ሲቲ ክፍሉ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ በራሱ የመጣ ሰው ግን መጀመሪያ ተራ ይይዛል። አሜሪካ 911፣ እስራኤል 101፣ አውሮፓ 112፣ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998 ነው። አብሮ የሚሄደው እንግሊዝኛ የሚችለው ሳይሆን ምልክቱ ሲጀምር ያየው ሰው ይሁን፤ አሜሪካ ውስጥ የአማርኛ አስተርጓሚ በነጻ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ሊጠይቁ በቪዛ የመጡ ወላጆች ኢንሹራንስ የላቸውም ብላችሁ አትዘግዩ። አሜሪካ ውስጥ በ1986 እ.ኤ.አ. በወጣ የፌደራል ሕግ፣ የድንገተኛ ክፍል መክፈል የማይችለውንም ሰው መርምሮ የማረጋጋት ግዴታ አለበት። የሂሳቡ ጉዳይ ከሆስፒታሉ ማኅበራዊ ሠራተኛ ጋር በኋላ ይነገራል።

አዲስ አበባ ላላችሁ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የእሳትና አደጋ ደግሞ 939 ነው። አምቡላንስ የሚዘገይ ከሆነ ታክሲም ቢሆን ያዙ፤ አንዱ ሕመምተኛውን ሲይዝ ሌላው ወደ ሆስፒታሎች ይደውል። የሚጠየቀው «ሲቲ ስካኑ አሁን ይሠራል? የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒትስ አላችሁ?» ነው። መድኃኒቱን ሁሉም ሆስፒታል ስለማይይዘው ቅርቡ ሁልጊዜ ትክክለኛው አይደለም። እነዚህን ስልኮች ዛሬውኑ፣ ሰው ደህና ሳለ፣ ፈልጋችሁ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።